ማር ከተቆረጠ በኋላ ስለ ንብ አያያዝ

የመስቀል ደመራ ተለኩሶ፣ አደይ አበባ ሜዳውንና ተረተሩን ቢጫ ካለበሰ በኋላ፣ ከጥቅምት አንሥቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ያለው ጊዜ በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋችን ዋናው የማር መቁረጫ ወራት ነው። ባለ ቀፎው ቢላዋውን ይስላል፤ ነጋዴው ሚዛኑን ያስተካክላል፤ ጠጅ ጣይዋም ጋኗን አጥባ ታጥናለች። ማር መቁረጥ የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ነገር ግን ማሩ ከተቆረጠ በኋላ በቀፎው ውስጥ ስለ ቀሩት ንቦች የሚያስብ ሰው ጥቂት መሆኑን በየዓመቱ ስለምናይ፣ ይህን ጽሑፍ ለከተማው ነዋሪና ለየወረዳው ሹማምንት ማቅረብ አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ማር ሞልቶ የነበረ ቀፎ በየካቲት ወይም በመጋቢት ባዶውን ይገኛል። ባለቤቱ አንድ ቀን ማለዳ ሄዶ ጆሮውን ቢያስጠጋ ድምፅ የለም፤ ቢከፍተው የደረቀ የማር እንጀራና የሰም ትል ያደራበት ድር ብቻ ይቆየዋል። ንቡ ኮበለለ ይላል። ምክንያቱን ሲጠየቅም አንዱ ዓይን በላብኝ ይላል፤ ሌላው ጎረቤቴ መድኃኒት አድርጎብኝ ነው ብሎ እስከ ሽማግሌ ዳኝነት ይደርሳል። እንዲህ ያለ ክርክር ሲሰማ አንድ ጊዜ ተቀምጬ አዳምጫለሁ፤ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ባዶ ቀፎ ምክንያት ለሁለት ዓመት ሰላምታ ተነፋፍገው ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን በአብዛኛው አንድ ነው። ንቡ ተርቦ ሄዷል፤ ያስራበውም በኅዳር ማሩን ጠራርጎ የወሰደው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ስለ ንብ የተጻፉ የውጭ አገር መጻሕፍት ብዙዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ እንዳሉ ቢወሰዱ ያሳስታሉ። በልጅነቴ በተማርኩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ ሥዕላዊ የንብ መጽሐፍ ነበረ። በሥዕሉ ላይ በረዶ ሣሩን ሁሉ ሸፍኖ፣ ቀፎዎቹ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልለው ይታያሉ፤ ምክሩም ማር ከቆረጣችሁ በኋላ ቀፎውን ለክረምት አዘጋጁ የሚል ነበረ። እኛ ተማሪዎቹም ክረምት ማለት የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ስለ ሆነብን፣ በኅዳር ስለ ሐምሌ መጨነቅ ምን ይባላል ብለን ሳቅን። ዛሬ ሳስበው ስሕተቱ ከቃሉ ነው። የእነርሱ ክረምት የብርድና የበረዶ ወራት ነው፤ አበባ የለም፤ ንብ ከቀፎው አይወጣም። የእኛ ንብ ግን እንዲህ ያለ በረዶ አያውቅም። ለእኛ ንብ የችግሩ ወራት ሁለት ነው፤ የመጀመሪያው የበጋው መጨረሻ፣ ይኸውም ከጥር አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሳያቋርጥ ሲወርድና ንቡ ለመብረር ሲቸገር ነው። የበልግ ዝናብ ባለበት አካባቢ በመካከሉ ትንሽ እረፍት ይገኛል፤ የበልግ ዝናብ በሌለበት ግን ከኅዳር እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያለውን ረጅም ጊዜ ንቡ በአመዛኙ በስንቁ ማለፍ አለበት።

ይህ የወራት ቁጥር በአገሩ ሁሉ አንድ አይደለም። በከፋና በሸካ ደኖች ግራዋና ብሳና የመሳሰሉት ዛፎች በበጋና በበልግ ስለሚያብቡ ዋናው የማር ቆረጣ በግንቦትና በሰኔ ይውላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናወሳው የደጋውንና የወይና ደጋውን ሁኔታ፣ በተለይም ተበብና ግርብያ የሚባሉት ዕፅዋት በክረምት መውጫ አብበው ነጩን ማር የሚሰጡበትን ሰሜናዊውን አገር መሠረት ያደረገ ነው።

ስንቅ ማለት ለንብ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የቀፎውን ኑሮ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ብርቱ ቀፎ ውስጥ አንዲት ንግሥት፣ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ድንጉላዎችና በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ይኖራሉ። ሥራ በሚበዛበት ወራት አንዲት ሠራተኛ ንብ የምትኖረው ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ይህም ማለት በኅዳር ማሩን ስንቆርጥ የነደፉን ንቦች በጥር አይገኙም፤ በጥር የምናያቸው ከእነርሱ በኋላ የተፈለፈሉ ናቸው። እጮቹ የሚያድጉበትን ሥፍራ ንቦች 34 እና 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ጠብቀው ይይዙታል፤ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ያሞቁታል፤ ቀን ሐሩር ሲበረታ ውሃ እየቀዱ በክንፋቸው ያራግቡታል። ለዚህ ሁሉ ማገዶው ማር ነው። የታኅሣሥ ሌሊት በደጋ እንዴት እንደሚቆረፍድ የሚያውቅ ሰው ባዶ ቀፎ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። ከማር ሌላ ለእጮቹ ሥጋ የሚሆናቸው ንቦች በእግራቸው እየጠቀለሉ የሚያመጡት የአበባ ዱቄት ነው፤ ይህም በማር እንጀራው ውስጥ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ታጭቆ ይገኛል።

እንግዲህ ወደ አቆራረጡ እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ማሩ መብሰሉን ማረጋገጥ ይገባል። ንቦች ከአበባ የሚያመጡት ጣፋጭ ውሃ በቀፎው ውስጥ እየተነነ የውሃው መጠን ከመቶ 20 እጅ በታች ሲሆን በስስ ነጭ ሰም ያሽጉታል። ከአንድ እንጀራ አራት እጅ ሦስቱ የታሸገ ሆኖ ካልተገኘ ማሩ ገና ጥሬ ነውና ይቆይ። ጥሬ ማር በዕቃ ውስጥ ይፈላል፤ ይኮመጥጣል። ለጠጅ ጣይዋ ይህ ብዙ አያስከፋም፤ ለማር ነጋዴ ግን ኪሣራ ነው። ዝናብ ወይም ጭጋግ ባለበት ቀንም አይቆረጥም፤ ማር ከአየሩ እርጥበትን ይስባልና።

ሰዓቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ቢሆን ይሻላል። በቀን መቁረጥ በተለይ በከተማ ውስጥ አደገኛ ነው። በቀፎ አጠገብ የታሰረ በቅሎ ወይም አህያ በንብ ተነድፎ ሞተ የሚል አቤቱታ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ባለ ቀፎው ከመጀመሩ በፊት ለጎረቤቶቹ ነግሮ ከብት እንዲፈታ፣ ልጆችም ወደ ቤት እንዲገቡ ማድረግ ግዴታው ነው። ጢሱ ከደረቀ ኩበት ይሁን። የጎማ ወይም የላስቲክ ጢስ ንቡን ይገድላል፤ ማሩንም ያሸታል። ችቦ ለኩሶ እሳቱን ወደ ቀፎው አፍ መክተት ከልማዶቻችን ሁሉ የከፋው ነው፤ ክንፋቸው የተለበለበ ንቦች በማግስቱ አበባ አይቀስሙም፤ በሣር ቀፎማ ቀፎው ራሱ ይነድዳል። ጥቂት ጢስ፣ ጥቂት ትዕግሥት፣ ቀስ ያለ እጅ ይበቃል።

በረጅሙ ባህላዊ ቀፎ ንቦች ልጆቻቸውን በመግቢያው በኩል ያሳድጋሉ፤ ማሩን ወደ ኋላ ያከማቻሉ። ስለዚህ ቀፎው የሚከፈተው ከኋላ ነው፤ ማር ብቻ ያለበት እንጀራ እየተቆረጠ ይወጣል፤ እጭ ያለበት እንጀራ እንደ ታየ ቢላዋው ይቆማል። ብዙ ሰው ግን እዚያ አይቆምም። እጭ ያለበትንም ቆርጦ ይጥለዋል፤ ወይም ከማሩ ጋር ጨፍልቆ ሚዛን ላይ ያወጣዋል። እንዲህ ሲያደርግ የጥሩን ሠራተኛ በኅዳር እየገደለ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚህም የባሰ ንግሥቲቱ በቢላዋው ብትቆረጥ ወይም በእንጀራው መካከል ብትጨፈለቅ ንቦቹ ሌላ ንግሥት ማሳደግ የሚችሉት ገና ሕፃን የሆነ እጭ ሲቀርላቸው ብቻ ነው። እጩም ንግሥቲቱም ከጠፉ ግን የዚያ ቀፎ ነገር አበቃ።

ከተገኘው የማር እንጀራ ስንቱ ይቅር? በዚህ ነገር ላይ ሰዎች ይከራከራሉ። እኔ በበኩሌ ማር ብቻ ካለበት እንጀራ ከሦስት አንዱ በቀፎው ውስጥ ቢቀር ይበቃል እላለሁ፤ የአበባ ዱቄት የታጨቀበት እንጀራ ግን ሁሉም ይቅር። ባለ ሣጥኑ ዘመናዊ ቀፎ ሲሆን ሥራው ቀላል ነው፤ ከላይ የተጨመረው ሣጥን ማር ለባለቤቱ ነው፤ የታችኛው ሣጥን፣ ማር ቢኖርበትም ባይኖርበትም፣ አይነካም።

ከከተማችን የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ ከአባታቸው የወረሱት ቀፎ እስከ ዛሬ ንብ አልተለየውም ይባላል። ማር ሲቆርጡ አብሬያቸው ነበርኩና ወፍራም ወፍራሙን እንጀራ ትተው ሲዘጉ አይቼ፣ "አባባ፣ ይህን ሁሉ ለምን ይተዉታል?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ ላም ስትታለብ ጥጃዋ አትጠባምን? ጥጃውን አስርቦ የሚያልብ ሰው ለስንት ቀን ወተት ይጠጣል?" አሉኝ። በትምህርት ቤትም ሆነ በመጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ይህን ከሰማሁ በኋላ እንኳ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደመወዜ ቆጥቤ ሦስት ባለ ሣጥን ቀፎዎች ገዝቼ በጓሮዬ አቆምሁ። በመጀመሪያው ኅዳር ማሩን በማሽከርከር የሚያወጣውን መሣሪያ ከሰው ተውሼ ስለ ነበረ፣ መሣሪያው ሳይመለስ ልጠቀምበት ብዬ የላዩንም የታቹንም እንጀራ አንድ በአንድ አወጣሁ። ማሩ ብዙ ነበር፤ ለዘመድ አዝማድ አደልሁ፤ የቀረውንም ሸጥሁ። በመጋቢት ግን ከሦስቱ ቀፎዎች ሁለቱ ባዶ ነበሩ። በሰሜን ገበያዎች ንብ ከነንግሥቲቱ ይሸጣል፤ የሁለቱን ዋጋ ስጠይቅ በኅዳር ከሸጥሁት ማር ያገኘሁት ገንዘብ እንደማይበቃኝ ዐወቅሁ። ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ ባለ ሣጥኑ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ማር ይሰጣል ተብሎ ይገመታል፤ እንግዲህ አንድ ቀፎ ንብ ያጣ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያጣው የብዙ ዓመት ኪሎ መሆኑን አስልቶ ይመልከት።

የወጣው ማር በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፤ በእሳት አይፈላ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ባለፈ መጠን መዓዛው ይጠፋል፤ መልኩም ይጠቁራል። የሚቀመጥበት ዕቃ ደረቅ፣ ሽታ የሌለውና ክዳኑ የሚገጥም ይሁን። ላምባ ወይም የሰብል መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለማር አይሆንም። ማር ሽታ ይስባል፤ መርዙ ደግሞ በእጥበት የሚለቅ አይደለም። እንጀራው ታጥቦ የሚወጣው ጣፋጭ ውሃ ብርዝ ይሁን፤ ሜዳ ላይ አይደፋ። የተደፋ ማር የሌላውን ቀፎ ንብ ይጠራል፤ ንብም በዘረፋ ከተያያዘ ደካማው ቀፎ በአንድ ቀን ያልቃል።

እዚህ ላይ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች አንድ ነገር ማሳሰብ ያስፈልጋል። ማር ረጋ፣ እንደ ቅቤም ጠጠረ ተብሎ ስኳር ገብቶበታል የሚባለው ነገር እውነት አይደለም። ማር በተፈጥሮው ካለው የስኳር ዓይነት የተነሣ ውሎ አድሮ ይረጋል፤ ነጩ የሰሜን ማር ደግሞ ከሌላው ይልቅ ፈጥኖ ይረጋል። በዚህ ምክንያት ማሩ የተያዘበት ገበሬ ቢኖር በደል ተፈጽሞበታል። በእርግጥ ስኳር ወይም ሙዝ እየቀላቀሉ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ይህ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ምርመራ ነው እንጂ በጣት ቀምሶ፣ በክብሪት ለኩሶ ወይም በውሃ ውስጥ ጠብ አድርጎ አይደለም። የረጋውን ማር ማቅለጥ የፈለገ ሰው ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ያቁመው።

ሰሙን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ጠጅ ከተጣለ በኋላ የሚቀረው ሰፈፍ በየጓሮው ሲጣል ማየት የተለመደ ነው። ንብ አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ስድስትና ሰባት ኪሎ ማር ያህል ትበላለች ይባላል፤ ስለዚህ ሰፈፍ የሚጥል ሰው የሚጥለውን ይወቅ። ሰፈፉ ከውሃ ጋር በድስት ይሞቃል፤ በጆንያ ይጠለላል፤ ሲቀዘቅዝም ሰሙ ከላይ ረግቶ ይነሣል። ውሃ ሳይኖር በእሳት ላይ የተጣደ ሰም ይቀጣጠላልና ጥንቃቄ ይደረግ፤ የብረት ድስትም ሰሙን ስለሚያጠቁረው አይመረጥም። የጠራ ሰም ለጧፍ አድራጊዎች ይሸጣል፤ ለዘመናዊ ቀፎም የእንጀራ መነሻ ሆኖ ይታተማል። ጠቁሮ የቆየ እንጀራ፣ ሦስት ዓመት ያለፈው፣ ከቀፎው ወጥቶ ቢቀልጥ ለንቡም ለባለቤቱም ይጠቅማል።

ከኅዳር በኋላ የሚሠራው ሥራ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ አይደለም። በታኅሣሥ በመጀመሪያ የቀፎው ቦታ ይጥበብ። ማሩ ሲወጣ ባዶ የቀረው ሥፍራ ለንቡ ሸክም ነው፤ ሊያሞቀው አይችልም፤ ሊጠብቀውም አይችልም። ባለ ሣጥኑ ሲሆን የላዩ ሣጥን ይነሣ፤ ባህላዊው ሲሆን የኋላ መዝጊያው ወደ ውስጥ ገፋ ተደርጎ ይመረግ። መግቢያውም ሁለትና ሦስት ንብ ጎን ለጎን ከምታልፍበት በላይ አይስፋ። የጠበበን በር ጥቂት ንቦች ይጠብቁታል፤ የሰፋን በር ግን ብዙዎችም አይበቁትም።

የሰም ትል የሚባለው ከእሳት እራት ጋር የሚዘመድ ቢራቢሮ ልጅ ነው። ብርቱ ቀፎ አባርሮ ያስወጣዋል፤ በደካማ ቀፎ ግን እንቁላሉን ጥሎ እንጀራውን ሁሉ በድር ይተበትባል። ስለዚህ ትሉን ያየ ሰው መድኃኒት ከመፈለጉ በፊት ንቡ ለምን እንደ ደከመ ይጠይቅ። ከቀፎ ወጥቶ የተቀመጠ ባዶ እንጀራም ብርሃንና ነፋስ በሚያገኘው ሥፍራ ይሰቀል፤ በጨለማ ክፍል ተደራርቦ ከተቀመጠ በወሩ አይተርፍም።

ጉንዳን ከሁሉ የከፋ ጠላት ነው፤ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። የቀፎው መቆሚያ አራት እግር ካለው እያንዳንዱ እግር የተቃጠለ ዘይት በተሞላ ጣሳ ውስጥ ይቁም፤ በዙሪያው አመድ ይነስነስ፤ ከቅርንጫፉ ወይም ከሣሩ ወደ ቀፎው የሚያሸጋግር ነገር ይቆረጥ። ይህ የመጨረሻው በብዙ ጓሮ ይረሳል። ጣሳው ዘይት ሞልቶ ሳለ አንዲት ሰንበሌጥ ዘንበል ብላ ቀፎውን ስለ ነካች ብቻ ጉንዳን ሲገባ አይቻለሁ።

በጥርና በየካቲት ውሃ ያስፈልጋል። ወንዙ ሩቅ ከሆነ ሰፋ ባለ ገበቴ ወይም ሳህን ውሃ ይቅረብ፤ ንቦቹ እንዳይሰጥሙም ጠጠር ወይም ጭድ ይደረግበት። በከተማ ይህ ሲጎድል ንቡ ወደ ጎረቤት ቧንቧና ልብስ ማጠቢያ ይሄዳል፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። ቀፎው ከቀትር ፀሐይ የሚከለልበት ጥላም ይበጅለት።

ስንቁ ማለቁን ቀፎውን ሳይከፍቱ ማወቅ ይቻላል፤ ከኋላው በአንድ እጅ ከፍ አድርጎ ክብደቱን መመዘን ነው። በኅዳር የመዘነው እጅ በየካቲት ልዩነቱን ያውቀዋል። ከቀለለ ማብላት ይገባል። አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ለብ ባለ ውሃ ተሟሙቶ፣ ጭድ ጣል ተደርጎበት፣ ማታ በቀፎው ውስጥ ይቀመጣል፤ ጠዋት ዕቃው ይነሣል። በቀን ከቀፎ ውጭ ማብላት ዘረፋ መጥራት ነው። የአበባ ዱቄትም ሲጠፋ የገብስ በሶ ወይም በርበሬና ጨው ያልነካው የአተር ዱቄት በጥቂቱ ይሰጣል፤ ይህን አያቶቻችንም ያውቁት ነበር። ምንጩ የማይታወቅ ማር ግን ለንብ አይሰጥ፤ የሌላ ቀፎ በሽታ ከማሩ ጋር ይመጣል። ስኳር ማብላት ገንዘብ ያስወጣል የሚል ሰው፣ በኅዳር ከሦስት አንዱን እንጀራ ቢተው ኖሮ ይህ ወጪ ባልመጣበት ነበር።

ሁለት ደካማ ቀፎዎች ያሉት ሰው ሁለቱንም ለማቆየት ከሚደክም አንድ ብርቱ ቢያደርጋቸው ይሻላል። በባለ ሣጥን ቀፎ የደከመችው ንግሥት ተፈልጋ ትወጣና፣ ሁለቱ ሣጥኖች በመካከላቸው አንድ ገጽ ጋዜጣ ተደርጎ ይደራረባሉ፤ ንቦቹ ወረቀቱን በልተው እስኪጨርሱ ድረስ ሽታቸው ይዋሐዳል፤ አይጣሉም። ለባህላዊ ቀፎ ይህ ዘዴ አይመችም።

ስለ በሽታ ብዙ ማለት አያሻም። ቫሮዋ የሚባለው ከንብ አካል ላይ ተጣብቆ የሚኖር መዥገር መሰል ጥገኛ በሰሜን ኢትዮጵያም መገኘቱ ታውቋል፤ የእኛ ንብ ከአውሮፓው ንብ ይልቅ ይቋቋመዋል፤ የተራበ ቀፎ ግን ምንንም አይቋቋምም። እጮች እንደ ኖራ ነጭ ሆነው ደርቀው በቀፎው ደጃፍ ተጥለው የታዩ እንደ ሆነ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር።

ለሹማምንቱ ጉዳይ የሚሆነው የሰብል መድኃኒት ነገር ነው። በበጋው መስኖ ባለበት ሥፍራ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያብብ ነፍሳት ገዳይ መድኃኒት በጠራራ ፀሐይ ይረጫል፤ ንብም በዚያው ሰዓት አበባው ላይ ነው። በማግስቱ የቀፎው ደጃፍ በሬሳ ይሞላል። በክረምቱም ቱ ፎር ዲ የሚባለው አረም ማጥፊያ ንቡን በቀጥታ ባይገድል እንኳ በማሳው ዳር የሚያብበውን ቀሰም ያጠፋበታል። ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 660 ወጥቷል፤ ጉዳዩ ከሕግ ውጭ የተተወ አይደለም። በቀበሌ ደረጃ ሊደረግ የሚችለው ቀላል ነው። የሚረጭ ሰው አንድ ቀን አስቀድሞ ለባለ ቀፎዎቹ ይንገር፤ ርጭቱም ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ ወደ ማታ ይሁን። ገበሬውም የሚያጣው ነገር የለም፤ ነፋስ በሚረጋጋበት ሰዓት የተረጨ መድኃኒት ከማሳው አይወጣምና።

ከግንቦት አጋማሽ በኋላ የእኛ ክረምት ይመጣል። በዚያ ጊዜ ቀፎው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ፊቱ ወደ ነፋስ ሳይሆን፣ ወደ መግቢያው በኩል ጥቂት ዘንበል ብሎ ይቁም፤ የገባ ውሃ በበሩ እንዲፈስ እንጂ ወደ ውስጥ እንዳይተኛ። ጭቃው የተሰነጠቀ ቀፎ በፋንድያና በጭቃ ተለቅልቆ ይደፈን። ከላይ የሣር ክዳን ወይም ቆርቆሮ ይጣልበት፤ ቆርቆሮ ከሆነ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጫንበት፤ በፀሐይ ቀን ንቡን እንዳያቃጥለውም ከሥሩ ሣር ይደረግበት። በደጃፉ የበቀለው ሣር በየጊዜው ይታጨድ፤ ንብ በረጠበ ሣር ላይ ከወደቀች ለመነሣት ትቸገራለች። ሐምሌና ነሐሴ ቀፎ አይከፈት፤ ክብደቱ ብቻ በእጅ ይመዘን። ቀልሎ ከተገኘ በሁለት እጅ ስኳርና በአንድ እጅ ውሃ የተሠራ ወፈር ያለ ሽሮፕ ይሰጠው፤ ይህም እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ የመጀመሪያዎቹ አበቦች እስኪታዩ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የተሰጠ ስኳር ከማሩ ጋር ተደባልቆ ወደ ገበያ ይወጣልና ዕቃው ከቀፎው ይነሣ፤ በባለ ሣጥኑ ላይም የላዩ ሣጥን ተጠርጎ ለመስከረም ይመለስ።